ላብ እና ላብ

ውድ ተመራቂዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም «አሁንስ ሥራ የሚያዘው መቼ ነው?» እያላችሁ የተቀመጣችሁ ወላጆች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የባዮሎጂ ዕጣ ፈንታ» የሚል ነው። ትንቢት ሙያዬ ስላልሆነ ከኋላዬ ልጀምር። ከባዶ ጄል።

ዶክትሬቴን በጀመርኩበት ዓመት ለሦስት ወር ያህል ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን በብዙ ቅጂ ማባዛት፣ እምቢ አለኝ። ጠዋት አዘጋጃለሁ፣ ከሰዓት የተባዛው ዲኤንኤ በመስመር መልክ የሚታይበትን ጄል መብራት ላይ አስቀምጣለሁ፤ መለኪያው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የእኔ መስመሮች ግን ጭልም ያሉ ናቸው። ፕራይመር (ቅጂው የሚጀምርበትን አጭር ዲኤንኤ) ቀየርኩ። ሙቀቱን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ዲኤንኤውን እንደገና አወጣሁ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታችው በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ ያየችኝ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ነች። «ማግኒዥየሙን ከፍሪዘር ስታወጣው ትነቀንቀዋለህ?» አለችኝ። አልነቀንቅም ነበር። የማግኒዥየም ክሎራይድ ውህድ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ጨው እኩል አይሰራጭም፤ ካልተነቀነቀ በፒፔት የምትቀዱት አንድ ቀን ቀጭን፣ ሌላ ቀን ወፍራም ይሆናል። ዲኤንኤውን የሚቀዳው ኢንዛይም ደግሞ ያለ ማግኒዥየም ወይ ፍንክች።

ዛሬ ተማሪዎቼ ይህንኑ ችግር ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቢነግሩት ማግኒዥየሙን ከሚዘረዝራቸው ምክንያቶች መካከል ያገኙታል። ታዲያ ምን ልበላችሁ? እሰየው ነው። መከራ ሰውን ይሠራል የሚል ስብከት ከእኔ አትጠብቁ። ከእነዚያ ሦስት ወራት ያስተማሩኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። የቀሩት አሥር ሳምንታት ብክነት ነበሩ፤ ቢመለሱልኝ ደስ ይለኛል።

እኛ የሙከራ ሰዎች ላብራቶሪውን አሳጥረን «ላብ» እንለዋለን። በአማርኛችን ቃሉ ከግንባር የሚወርደውንም ስለሚጠራ አንዳንዴ ስለ የትኛው እንደምናወራ ግራ ይገባል። ግራ ቢያጋባም ልክ ነው። ማሽኑ ስለ ባዮሎጂ የሚያውቀው ሁሉ በሁለቱም ትርጉሙ የአንድ ሰው ላብ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

አልፋፎልድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለወላጆች ስል ባጭሩ ልንገራችሁ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፣ ሥራውንም የሚሠራው በቅርጹ ነው። የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ቅርጹን እንደሚወስን ያሳየው ክርስቲያን አንፊንሰን በ1972 ኖቤል ተሸለመ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ቅደም ተከተሉን አንብቦ ቅርጹን መተንበይ ግን ከዚያ በኋላም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀ። በ2020 የጉግል እህት ኩባንያ የዲፕማይንድ ሰዎች ይህን የሚተነብየውን የኤአይ ፕሮግራም፣ አልፋፎልድን፣ ይዘው ብቅ አሉ፤ ብዙዎቹ ትንበያዎቹ በሙከራ ከተገኙት ቅርጾች ጋር ለመለየት የሚያስቸግሩ ነበሩ። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች ትንበያ ለፈለገው ሁሉ በነጻ ተከፈተ። በ2024 የዲፕማይንዶቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን በመንደፍ ከሚታወቀው ዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ጆን ኬንድሩና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የፕሮቲን ቅርጽ፣ የማዮግሎቢንን፣ ያሳዩት በ1958 ነው። በ1971 የፕሮቲን ዳታ ባንክ ሲከፈት በውስጡ የነበሩት ቅርጾች 7 ነበሩ። ሰባት! አልፋፎልድ ሲመጣ ቁጥራቸው ከ170 ሺህ በላይ ደርሷል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ሰው አለ፤ ብዙውን ጊዜ እንደ እናንተ ያለ ተማሪ። ፕሮቲኑን ያጠራል፣ ጠብታ በጠብታ እያደረገ ክሪስታል እስኪሠራ ይጠብቃል። ክሪስታሉ አልወጣ ሲል ጨውን፣ አሲድነቱን፣ ሙቀቱን ይቀያይራል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጠብታዎችን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ይውላል። ከወጣለት ኤክስሬይ ያሳልፍበታል፣ ከተበተነው ጨረር ተነስቶ ቅርጹን ያሰላል። በስተመጨረሻ የልፋቱን ውጤት፣ የእያንዳንዱን አቶም አድራሻ፣ ማንም እንዲያየው በጋራ ጎተራ ያስቀምጣል። ይህን የማስቀመጥ ልማድ ጆርናሎቹ ከጊዜ በኋላ ግዴታ አደረጉት። በእኔ ግምት ለአልፋፎልድ መሠረቱ ይህ ግዴታ ነው። አልጎሪዝሙ ድንቅ ነው፤ ጎተራው ባዶ ቢሆን ግን ድንቅነቱን ማን ያይለት ነበር?

ሌላም ነገር አለ። ከ1994 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ካስፕ የተባለ ፈተና ይካሄዳል። ተፎካካሪዎቹ የሚተነብዩት በሙከራ የተገኘ፣ ግን ገና ለሕዝብ ያልወጣ ቅርጽ ነው። መልሱን ቀድሞ ማየት የለም፣ ከወደቁ በኋላ ሰበብ መደርደርም የለም። አልፋፎልድ የታመነው ይህን ፈተና ስላለፈ ነው። አሁን «ኤአይ ይህን በሽታ ፈታ፣ ያንን ሴል ተረዳ» የሚል ዜና ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ፈተናውን ያወጣው ማን ነው? ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ከሆኑ ጉዳዩን እስከሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

አብዛኛው የባዮሎጂ ክፍል እንዲህ ያለ ጎተራም እንዲህ ያለ ፈተናም የለውም። በ2016 በክሬግ ቬንተር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የሚያስፈልጉትን ዘረ መሎች ብቻ ይዞ የሚኖር ባክቴሪያ ሠሩ። ዘረ መሎቹ 473 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 149ኙ ምን እንደሚሠሩ በጊዜው አልታወቀም። ልብ በሉ፤ ዘረ መሉን ስናጠፋው ሕዋሱ ይሞታል ወይም ይዳከማል፣ ስለዚህ ያስፈልጋል፣ ምን እንደሚሠራ ግን አይታወቅም። ከሦስት አንዱ ገደማ! ከዚያ ወዲህ የአንዳንዶቹ ሥራ ታውቋል፤ ያወቁትም ላብ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ተራ በተራ፣ አንዱን ዘረ መል እያጠፉና እየመለሱ። እኛ ያላወቅነውን ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ጎበዝ ገማች ሆኖ የት እንደምንፈልግ ሊጠቁመን ይችላል፤ ይህም ትልቅ ውለታ ነው። አስቸጋሪው ግምቱንም እውቀቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ መናገሩ ነው። ሰው ሲጠራጠር ድምፁ ይለወጣል፣ ጭንቅላቱን ያካል። እሱ አያክም።

በዚህ እኔም ተሸውጃለሁና ልናዘዝ። አንድ ተማሪ የጽሑፍ ዳሰሳውን አምጥቶ አብረን እያነበብን ነበር። አንዱ ማጣቀሻ ላይ ስንደርስ «አዎ፣ ይህቺን አውቃታለሁ፣ ጥሩ ሥራ ናት» አልኩ፤ ራሴንም ነቀነቅሁ። ማታ ላይ ስፈልጋት የለችም። ጸሐፊዎቹ አሉ፣ ጆርናሉ አለ፣ ርዕሱም ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ጽሑፏ ግን ተጽፋ አታውቅም። ተማሪው ከማሽኑ ተቀብሎ ሳያጣራ አስገባት፤ እኔ ደግሞ ያልተጻፈ ጽሑፍ አንብቤያለሁ አልኩ። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላስታውሰውን «አላስታውሰውም» ማለት ጀምሬያለሁ፤ በዚህ ዕድሜ መማር ይከብዳል፣ ግን ይቻላል።

መሣሪያ ዝም ብሎ ሲያሳስት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኤክሴል «ማርች 1» እና «ሴፕት 2» የተባሉትን የዘረ መል መጠሪያዎች ቀን እየመሰሉት ሲቀይራቸው ኖሯል። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የዘረ መል ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው አገኘ። በመጨረሻ ማን ተለወጠ መሰላችሁ? በ2020 ስም አውጪው ኮሚቴ የዘረ መሎቹን ስም ቀየረ። ለብዙ ዓመታት በሥነ ሕይወት መዝገብ የኖረ ስም ለአንድ የሒሳብ ሰሌዳ ሲባል ተለወጠ። ያሥቃል፤ ዳታውን ማንም መለስ ብሎ ሳያይ ስንት ዓመት እንዳለፈ ስታስቡ ግን ሣቁ ይቀራል።

እንግዲህ ማሽኑን እንዴት እንደምጠቀም ትጠይቁኛላችሁ። ኮድ ያጽፍልኛል፤ እኔም መልሱን አስቀድሜ በማውቀው ትንሽ ዳታ ላይ እሞክረዋለሁ። እንግሊዝኛዬን ያስተካክልልኛል፤ በዚህ ቅንጣት አላፍርም። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎች ያለ ድካም የሚያገኙትን ነገር እኛ ለዓመታት ስንከፍልበት ኖረናል። የሌላ ሰው ያልታተመ ጽሑፍ ለግምገማ ሲላክልኝ ግን አልሰጠውም፤ አደራ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም በ2023 ለገምጋሚዎቻቸው ይህንኑ ከልክለዋል።

የራሴን ውጤት የመጀመሪያ ረቂቅ ደግሞ ራሴ እጽፋለሁ። ይህን የማደርገው ከመርህ ይልቅ ከፍርሃት ነው። ሥዕል ሦስት አሳየች ብዬ የማስበውን ነገር እንዳላሳየች የማውቀው አረፍተ ነገሩ አልገጥም ሲለኝ ነው። ማሽኑ ቢጽፈው አረፍተ ነገሩ ይገጥማል፤ ሁሌም ይገጥማል። የማይገጥም አረፍተ ነገር ለእኔ ዋጋ ያለው መሣሪያ ነውና አሳልፌ አልሰጥም።

ስለ ሥራ ደግሞ ማንም በግልጽ ያልነገራችሁን ሒሳብ ልንገራችሁ። አንድ ፕሮፌሰር በዘመኑ አሥር ሰው በዶክትሬት ቢያስመርቅና ወንበሮቹ ባይጨምሩ የእሱን ወንበር የሚወርሰው አንድ ነው። ዘጠኙ ሌላ ቦታ ይሠራሉ። እነዚህን ዘጠኝ ሰዎች «የወጡ»፣ «የቀሩ» እያልን የምንጠራበት ቋንቋ ያሳፍረኛል፤ እኔም ስጠቀምበት ኖሬያለሁ።

በእንዲህ ያለ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የካታሊን ካሪኮ ታሪክ ነው። ከሥራ ደረጃዋ ዝቅ ተደርጋ፣ በኋላ ለኮቪድ ክትባት መሠረት የሆነውን የኤምአርኤንኤ ምርምሯን ሳትለቅ፣ በ2023 ኖቤል ያገኘችው። እውነት ነው፣ ያምራልም። እኔ ግን የዳግላስ ፕራሸርን ታሪክ እመርጣለሁ። ጄሊፊሽን የሚያበራውን አረንጓዴ ፕሮቲን ዘረ መል ለይቶ በ1992 አሳተመ። የምርምር ገንዘቡ አለቀ። ከመስኩ ሊወጣ ሲል ዘረ መሉን ለጠየቁት ሰዎች ሰጠ፤ ከነሱ መካከል ማርቲን ቻልፊና ሮጀር ቺየን ነበሩ። በ2008 ቻልፊና ቺየን ፕሮቲኑን መጀመሪያ ካገኘው ኦሳሙ ሺሞሙራ ጋር ኖቤል ሲሸለሙ ፕራሸር ለአንድ የመኪና ሻጭ የደንበኞች ማመላለሻ ይነዳ ነበር። ሁለቱ ተሸላሚዎች ወጪውን ችለው እሱንና ባለቤቱን ስቶክሆልም ጋበዟቸው። ቆይቶም በቺየን ላብ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት ሠራ።

ይህን የምነግራችሁ ላስደነግጣችሁ አይደለም። «ጽና፣ ይሳካልሃል» የሚሉን የተሳካላቸው ብቻ ስለሆኑ ነው። ጽናት ያስፈልጋል፤ ግን የጽናት ማለቂያ ቀኑን እናንተ ቁረጡ እንጂ የገንዘብ ሰጪ ደብዳቤ አይቁረጥላችሁ። አማካሪ ስትመርጡም የጽሑፎቹን ብዛት ትታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ሙከራ ሲከሽፍ ምን ይላል? የመጀመሪያ ቃሉ «ማን አበላሸው?» ከሆነ ወንበራችሁን ሳታሞቁ ውጡ። ስታትስቲክስ ተማሩ። ይህን ያለ ማብራሪያ ነው የምለው።

ልጨርስ። ባለፈው ወር ከብዙ ዓመት በፊት ተቀምጦ የነበረ የሴል ናሙና ፈለግን። ሳጥኑ ፍሪዘሩ ውስጥ አለ፤ በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ጠፍቷል። ማስታወሻ ደብተሩን ገለጥን፤ «ናሙናው ተቀምጧል» ይላል፣ የት እንደሆነ አይልም። ናሙናውን ያዘጋጀችው ተማሪ ከተመረቀች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ዛሬ የምርመራ ኪት ጥራት ትቆጣጠራለች፤ እኔ ያኔ «ከሳይንስ ወጣች» ብዬ ያዘንኩላት ሰው ነች። ደወልኩላት። አላሰበችም፣ ወዲያው መለሰች። «ፕሮፌሰር፣ ሁለተኛው መደርደሪያ፣ በግራ በኩል፣ ሰማያዊው ሳጥን። አራተኛዋን ቱቦ ግን አይጠቀሙባት፣ አንዴ ቀልጣብኛለች፤ ያኔ ልነግርዎት ፈርቼ ነው።»

ሄጄ አየሁ። ሰማያዊው ሳጥን እዚያው ነው። አራተኛዋን ቱቦ አልነካኋትም።

አመሰግናለሁ።