ግንቡ የካታር አይደለም፣ የኳታርም አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። እዚያ ጥግ ቡና የምታፈሉትም፣ ሽታው እዚህ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን።

ኮሚቴው የሰጠኝ አስር ደቂቃ ነው። ስለ ቅዳሜው የግንብ ጉብኝት ጉዞ ንገራቸው፣ ስለ ጫማና ስለ ውሃ ንገራቸው፣ የአውቶብሱን ሰዓት እንዳትረሳ ተባልኩ። እሺ፣ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ዕዳ አለብኝ። አምና አውቶብስ ውስጥ ዋሽቻችኋለሁ። ሳላውቅ ነው፣ ግን ውሸት ውሸት ነው።

አምና ያልነበራችሁ እንድትሰሙት፦ ከቱሉዝ ተነስተን ካርካሶንን እንዳለፍን መንገድ ዳር ያ ቡናማ ታፔላ መጣ። «ፔይ ካታር» ይላል፣ የካታር አገር ማለት ነው። ከኋላ ወንበር አንዱ ወንድማችን፣ ስሙን አልጠራም፣ አሁን እየሳቀ ራሱን እያጋለጠ ነው፣ «እንዴ! ኳታሮች ይሄንንም ገዙት?» አለ። ፈረንሳዮቹ ሲጠሩት ሁለቱም አንድ ናቸው እኮ፣ ምን ያድርግ! ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን የገዛ ሰው አንድ ተራራ ቢጨምር ምን ይገርማል። ዶሃ ስድስት ዓመት ሠርታ የመጣችው እህታችን ደግሞ «እኔ እኮ ከእነሱ አምልጬ ነው እዚህ የመጣሁት!» ብላ አውቶብሱን በሳቅ ጨረሰችው።

እኔም ስቄ ስቄ ማይኩን ያዝኩ። «አይ፣ እነዚህ ካታሮች ናቸው፣ የድሮ ዘመን መናፍቃን፣ የምታዩትን ግንብ ሁሉ የሠሩት እነሱ ናቸው» አልኳችሁ። አጨበጨባችሁልኝ። ወንድማችን የተሳሳተው ለቀልድ ነው። እኔ ግን ማይክ ይዤ ነው የተሳሳትኩት።

ያወቅሁት መስከረም ላይ ነው። ወይን ለቀማ የምሄድባቸው ሽማግሌ አሉ፣ ኮርቢዬር በሚባለው ተራራማ የወይን አገር ውስጥ። ለምሳ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ወደ ገደሉ እያሳየሁ «ያ የካታር ግንብ ፀሐይ ሲመታው እንዴት ያምራል» አልኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አንተ እዚህ አገር ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ። ሃያ ሁለት አልኩ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታፔላ ብቻ ነው ያነበብከው?»

አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ብርዱን ወራት ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ባለቤቴ እዚህ አለች፣ ትመስክር፣ እራት ላይ ሳይቀር ስለ አሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነበር የማወራት። ዛሬ የእናንተ ተራ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው።

ካታር የምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን ካታር ብለው አይጠሩም ነበር። «ጥሩ ሰዎች»፣ «ጥሩ ክርስቲያኖች» ነበር የሚባባሉት። ይህን ዓለም የፈጠረው ክፉው ነው ብለው ያምናሉ። እምነታቸው ልክ ነው ልላችሁ አልመጣሁም፣ ቄሳችንም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አኗኗራቸውን ግን ስሙ። ሥጋ አይበሉም። ወተትና እንቁላል አይነኩም። ዓመቱን ሙሉ ጾም ማለት ነው። ዓሣ ይበላሉ፣ የዓሣውን ክርክር ግን ዛሬ እዚህ እንዳትጀምሩብኝ። አይምሉም፣ ሰው አይገድሉም። ቤታቸው ከሕዝቡ መሃል ነው፣ እየሸመኑ፣ እየሰበኩ፣ የታመመ እየጠየቁ ነበር የሚኖሩት። አሁን እናንተው ፍረዱ። ሰይፍ የማይነካ ሸማኔ በ800 ሜትር ገደል ጫፍ ላይ ሦስት መቶ ሜትር የሚረዝም ምሽግ ምን ሊያደርግለት ይሠራል?

የጦርነቱ መነሻ በ1208 የሮማው ጳጳስ መልእክተኛ መገደሉ ነው። ጳጳሱ ኢኖሰንት 3ኛ በእነዚህ ሰዎች ላይ የመስቀል ጦርነት አወጁ። ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይመስላችሁ፣ ወደዚህ ነው፣ ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ። በሐምሌ 1209 ቤዚዬ ከተማ ላይ መናፍቁንም ካቶሊኩንም ሳይለዩ ፈጁት። በሚቀጥለው ዓመት ሚኔርቭ ላይ 140 ያህል ሰው በእሳት አቃጠሉ። የጦሩ አዛዥ ሲሞን ደ ሞንፎር ይባላል።

አሁን የቴርምን ነገር ላውራችሁ፣ እሷን ሳልነግራችሁ ብወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቴርም ትልቅ ምሽግ ናት፣ ጌታዋ ሬይሞን የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሞንፎር በ1210 በጋ ከበባት። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ውስጥ ያሉት ምግብ አላቸው፣ ወይን ጠጅ ሞልቷል፣ ውሃ ግን አለቀ። በዚያ ሙቀት ጥም በወይን ጠጅ አይቆረጥም፣ የሞከራችሁት ታውቃላችሁ፣ እዚህ ጋ የምትሳሳቁትን እያየኋችሁ ነው። ሽማግሌው ሬይሞን እንግዲህ በቃኝ አለ። በማግስቱ ምሽጉን ሊያስረክብ ተስማማ። ያንኑ ሌሊት ሰማዩ ተቀደደ! ዶፍ ዝናብ! ገንዳውን፣ በርሜሉን፣ ድስቱን፣ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ ደቅነው ሞሉት። ጠዋት የሞንፎር ሰዎች ቁልፍ ሊቀበሉ ሲመጡ «ማን? እኛ? የምን ማስረከብ?» ተባሉ። ከበባው ቀጠለ። ግን ያ ውሃ የተጠራቀመው ሲደርቅ በቆሸሸ ጉድጓድና ዕቃ ነበረ፣ በእሱ ጋገሩ፣ በእሱ ወጥ ሠሩ፣ ተቅማጥ ያዛቸው። ግድግዳ ያልበገረውን ሰው ሆዱ በገረው። ኅዳር ላይ በሌሊት ሲሸሹ ሬይሞን ተያዘ፣ ካርካሶን እስር ቤት ገብቶ እዚያው ሞተ። ውሃ ያዙ የምላችሁ ለዚህ ነው፣ ንጹሕ ውሃ።

ሞንፎር ራሱ መጨረሻው የት ሆነ? እዚህ! ቱሉዝን ከቦ ሳለ፣ ሰኔ 1218፣ ከግንቡ የተወረወረ ድንጋይ ራሱን በረቀሰው። የዘመኑ ግጥም እንደሚለው መወርወሪያውን የሚያንቀሳቅሱት የከተማዋ ሴቶች ነበሩ። ሴቶች፣ አጨብጭቡ እንጂ!

እሺ። ወደ ሞንሴጉር። ከእኛ በስተደቡብ፣ 1,207 ሜትር ጫፍ ላይ ነው። «ጥሩ ሰዎች» የሸሹበት የመጨረሻው ትልቅ መጠለያ ነበር። ከግንቦት 1243 እስከ መጋቢት 1244 ተከበበ። ሲወድቅ አስራ አምስት ቀን ተሰጣቸው፦ እምነቱን የካደ በነጻ ይሄዳል፣ ያልካደ ይቃጠላል። ታዲያ በዚያ አስራ አምስት ቀን ውስጥ፣ ነጻ መሄድ የሚችሉ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ ወታደሮች ሳይቀሩ፣ እጅ አስጭነው ወደ «ጥሩዎቹ» ተቀላቀሉ። እሳቱ እንደሚጠብቃቸው እያወቁ። የምሽጉ ጌታ ሚስት ኮርባ አንዷ ናት፣ ልጇ ኤስክላርሞንድም አብራ ተቃጠለች። መጋቢት 16 ቀን ከሁለት መቶ በላይ ሰው በአንድ ቀን ነደደ። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ በ1960 የቆመ ድንጋይ አለ፣ በአገሬው ቋንቋ በኦክሲታን የተጻፈ፦ «ለካታሮች፣ ለንጹሕ ክርስቲያናዊ ፍቅር ሰማዕታት» ይላል። እዚያ ላይ ስሙ ቢጻፍ ቅር አይለኝም። የሞቱበት ነው።

ከዚያ ድንጋይ ሽቅብ ስትወጡ የምታገኙት ግንብ ግን እነሱ የነበሩበት አይደለም! የእነሱ ፈርሷል። አሁን የቆመው፣ ቦታው የተሰጣቸው የሌቪ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ የሠሩት ነው። ከአሸናፊው ወገን።

የሌሎቹም ታሪክ ይኸው ነው። በ1258 የፈረንሳዩ ሉዊ 9ኛና የአራጎኑ ንጉሥ ኮርቤይ ላይ ውል ተፈራረሙ፣ ድንበሩ በእነዚህ ተራሮች ላይ አለፈ። ንጉሡ ድንበሩን ለመጠበቅ አሮጌዎቹን የባላባት ምሽጎች እያደሰ፣ እያሰፋ፣ አንዳንዱንም እንደ አዲስ እየሠራ አምስት ጥበቃ አቆመ፦ አጊላር፣ ቴርም፣ ፔይርፔርቱዝ፣ ኬሪቡስ፣ ፒዊሎራንስ። «የካርካሶን አምስቱ ልጆች» ይሏቸዋል። ቅዳሜ ፔይርፔርቱዝ ላይ ከአለቱ የተፈለፈለውን ደረጃ ትወጣላችሁ፣ ስሙ የቅዱስ ሉዊ ደረጃ ነው። ያው ንጉሡ ሉዊ 9ኛ ነው። የምትረግጡት የንጉሥ ደረጃ ነው፣ ሰማችሁ? እነዚያን ሰዎች ያሳደደው መንግሥት የሠራው! በ1659 ድንበሩ ወደ ፒሬኔ ተራሮች ጫፍ ተገፋ፣ ምሽጎቹ ሥራ ፈቱ፣ ፈረሱ፣ ፍየል ዋለባቸው።

ከዚያ የቱሪስት ዘመን መጣና «የካታር ግንብ» ተባሉ። የኦድ አውራጃም «ፔይ ካታር»ን የንግድ ምልክት አደረገው። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። አሳዳጁ የሠራውን ቤት በተሳዳጁ ስም መጥራት! አምና ምሳ የበላንበትን ቤት ታስታውሳላችሁ። ሜኑው ላይ «የካታር ሳህን» ይላል። ሲመጣ ምንድን ነው? የዳክዬ እግር፣ የአሳማ ቋሊማ! ወተት እንኳ የማይቀምሱትን ሰዎች ስም! ውጭ ያለው ሱቅ ደግሞ ለልጆቻችን የፕላስቲክ ሰይፍ ሸጠልን፣ «የካታር ሰይፍ» ብሎ። ሰይፍ ሳይነኩ በእሳት ከሞቱት ሰዎች መሃል አንዱ ቢነሳ ምን ይላል? ልጄ አሁንም በዚያ ሰይፍ እህቱን ይመታታል።

ሌላው ቢስቅ እኛ አንስቅም፣ ይሄ ነገር እኛ ላይ ደርሷል። ጎንደርን ማን ሠራው ሲባል «ፖርቹጋሎች ናቸው» የሚል ፈረንጅ ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? ዐፄ ፋሲል እኮ ከነገሡ በኋላ በፖርቹጋል በኩል የመጡትን ዬሱሳውያን ሚስዮናውያን ከአገር ያስወጡ ሰው ናቸው! ያባረሯቸውን ሰዎች ስም በቤታቸው ላይ ሲለጥፉባቸው እንናደዳለን፣ ትክክል ነን። ታዲያ እኛ ራሳችን ሌላ ሰው አገር መጥተን፣ ማይክ ይዘን፣ ያንኑ ስናደርግ? እኔን ማለቴ ነው።

«ተው እንጂ፣ አገሩ ድሃ ነው፣ ወይኑም እየተነቀለ ነው፣ ስሙ እንጀራ ካመጣላቸው ምን አለበት» የሚል ይኖራል። ባለቤቴ ብላኛለች። እውነት አላት፣ ኦድ ከፈረንሳይ ድሃ አውራጃዎች አንዷ ናት። ግን እነሱም ቢሆኑ ግንቦቹን በዓለም ቅርስነት ለማስመዝገብ ዩኔስኮ በር ላይ ሲደርሱ ምን ብለው እንደጻፉ ልንገራችሁ፦ «የላንግዶክ ንጉሣዊ ምሽጎች»። ካርካሶንን ጨምሮ ስምንት ቦታ ነው ያቀረቡት። ለባለሙያ ሲሆን እውነቱ ይጻፋል፣ ለእኔና ለእናንተ ሲሆን ቡናማው ታፔላ!

ኮሚቴው ሰዓት እያሳየኝ ነው። ቶሎ ልበል። ጫማ፦ ተረከዝ ያለው አይሆንም፣ ነጠላ ጫማም አይሆንም፣ አምና ማን ተሸክሞ እንዳወረደ የተሸከመው ያውቃል። ኮፍያ። ነፋሱ ልጅ ይወስዳል፣ ኬሪቡስ ላይ የትንንሾቹን እጅ ያዙ። ነጎድጓድ ካለ መውጣት ይከለከላል፣ አትከራከሩ። የምታጨሱ፣ እባካችሁ እዚያ ላይ ክብሪት እንዳትጭሩ፣ በኦገስት 2025 እዚያው ኮርቢዬር ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት እሳት አዳርሶታል። ኬሪቡስ ማማው ውስጥ አንዲት ምሰሶ ጣሪያውን ብቻዋን ተሸክማለች፣ እሷን ሳታዩ እንዳትወርዱ። ምሳ እንይዛለን፣ እዚያ ቤት አንገባም። የጾም ይሁን ብያለሁ፣ ኮሚቴው እያሰበበት ነው።

አውቶብሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሳል፣ በፈረንጅ ሰባት። ሰባት ማለት ሰባት ነው። ሹፌሩ የሐበሻ ቀጠሮ ምን እንደሆነ አምና ተምሯል፣ ዘንድሮ አልጠብቅም ብሏል። ያ ኳታር ያለው ወንድማችን ደግሞ ዘንድሮ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ነው የሚቀመጠው። ማይኩን እሱ ይይዛል።