አምስት ማለት ስንት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬም ከጎንደር ነው የማወራችሁ። የዛሬው ጉዳዬ የዕፅዋት ጥናት መረጃ አያያዝ ነው፤ ደን ገብተን የምንሞላው ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥና ከሌሎች ሰዎች መረጃ ጋር በአንድ ቋት ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን። ርዕሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ብዙ የተለፋበት ሥራ ከንቱ ሲቀር የማየው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ በቀላሉ ላልፈው አልችልም።

በቁጥር ልጀምር። ሁለት ሰንጠረዦች አሉ እንበል። አንዱ ከአንድ ደብር ቅጥር ደን፣ ሌላው ከወገራ ተዳፋት የተሰበሰበ። ሁለቱም ላይ ወይራ በሚለው ረድፍ 5 ተጽፏል። የመጀመሪያው አጥኚ የተጠቀመው አንድ ተክል መሬቱን ምን ያህል እንደሸፈነ በአንድ አሃዝ የሚገልጸውን የብራውን ብላንኬን መለኪያ ነው፤ በዚያ መለኪያ 5 ማለት ወይራው ከናሙናው ቦታ ከ75 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን ሸፍኗል ማለት ነው። ሁለተኛው በቫን ደር ማሬል የተሻሻለውን ከ1 እስከ 9 የሚሄደውን መለኪያ ተጠቅሟል። በአገራችን የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ በብዛት የሚታየው ይህኛው ነው። በእሱ 5 ማለት ከ5 እስከ 12.5 በመቶ ነው። ወደ አማካይ በመቶኛ ስንቀይራቸው አንዱ 87.5፣ ሌላው 8.75 ይሆናል። ልክ አሥር እጥፍ! አንደኛው ቦታ ላይ ፀሐይ መሬት አይነካም፤ ሌላው ቦታ ላይ ጥቂት ዛፎች ብቻ ቆመዋል። ሁለቱን 5 በአንድ ዓምድ ስናስገባቸው ኤክሴል ምንም አይቃወምም። ይደምራል፣ ያካፍላል፣ በምድር ላይ የትም የሌለ ደን አማካይ ያወጣልናል።

ሁለቱም አጥኚዎች አልተሳሳቱም። የጎደለው የትኛው መለኪያ እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ደግሞ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ለሁሉም ግልጽ ስለሚሆን ማንም አይጽፈውም። እኔ መረጃን ወጥ ማድረግ የምለው ይህንን ነው፤ አጥኚው ግልጽ ነው ብሎ ያለፈውን ነገር፣ እሱ ለሌለበት አንባቢ መጻፍ።

ቀንን ተመልከቱ። ቅጹ ላይ 12/1/2008 ተብሎ ሰፍሯል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሆነ፣ በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 23 ቀን 2015 ነው። ውጭ አገር ያለ አንባቢ ግን ጃንዋሪ 12፣ አለዚያም ዲሴምበር 1 ቀን 2008 ብሎ ሊያነበው ይችላል። የሰባት ዓመቱን ልዩነት ለጊዜው እንተወው። በመስከረም የጎንደር ኮረብታ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። በጥር ግን ያ ሁሉ ደርቋል፣ ከብት በልቶታል። ስለዚህ ቀኑን የሳተ አንባቢ፣ መሬት ለመሬት ያሉት አጫጭር ዕፅዋት ለምን በዙ ብሎ ምክንያት ሲፈልግ ይውላል። መፍትሔው በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን እንዳለ አስቀምጦ፣ አጠገቡ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል የጎርጎርዮሳዊውን መጨመር ነው።

ቦታም እንደዚሁ ነው። የቆዩት የአገራችን የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች ከየት ተነሥተው እንደሚለኩ በሚወስነው ስምምነት ሲሆን፣ በኪሳችን የያዝነው ጂፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ቁጥሮቹ ፍጹም አንድ ሆነው የሚያመለክቱት ቦታ ግን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይራራቃል። አንድ ሄክታር ማለት አንድ መቶ ሜትር በአንድ መቶ ሜትር መሆኑን አስቡ። እዚህ አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥቂት ሄክታር ናቸው። ሁለት መቶ ሜትር የተንሸራተተ ነጥብ ጥዱን ከቅጥሩ አውጥቶ የሰው ገብስ ማሳ ላይ ይተክለዋል። ከዚያ የሳተላይት ምስል የሚያይ ሰው፣ እዚህ ደን ነበረ፣ ተመንጥሯል ብሎ ይጽፋል። ያልጠፋ ደን በወረቀት ላይ ጠፋ።

ወደ ስም ልምጣ፤ ብዙ የሚያወዛግበው እሱ ነው። ስምንት ቅጾች ያሉትና እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የሁላችንም የዕፅዋት መለያ መጽሐፍ ነው። ግራርን የያዘው ሦስተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታተም፣ የሐበሻ ግራር አካሽያ አቢሲኒካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና የተካሄደው የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ አካሽያ የሚለው ስም ከአውስትራሊያዎቹ ግራሮች ጋር እንዲቀር ወሰነ፤ በ2011 የሜልቦርኑ ጉባኤ አጸናው። የአፍሪካዎቹ በአብዛኛው ቫቸሊያና ሴኔጋሊያ ወደተባሉት ወገኖች ተዛወሩ። ዝግባም ከፖዶካርፐስ ወጥቶ አፍሮካርፐስ ተብሏል። ዛፉ እዚያው ቆሟል። የመረጃ ቋት ውስጥ ግን አሮጌውና አዲሱ ስም ጎን ለጎን ከገቡ ኮምፒውተሩ ሁለት ዝርያ ብሎ ይቆጥራል፤ አንዲትም ችግኝ ሳይተከል የደኑ ብዝኃ ሕይወት ከፍ ይላል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ቸኩለው አሮጌውን ስም ሰርዘው አዲሱን ይጽፋሉ። ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት። የአንድምታ መምህራን ንባቡን ሳይነኩ፣ ትርጓሜውን ከሥሩ በ«አንድም» እየጨመሩ ነው ያቆዩልን። የዕፅዋት ሰንጠረዥም እንዲሁ መያዝ አለበት። አጥኚው በሜዳ የጻፈው ስም በአንድ ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ስም በሌላ ዓምድ ይግባ፤ በማን ዝርዝርና መቼ እንደተመሳከረ በሦስተኛው ይጻፍ። ነገ ጠበብቱ አንዱን ዝርያ ለሁለት ቢከፍሉት፣ ተመልሰን የምናየው የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ዳኛው የደረቀው ናሙና ነው። ቅርንጫፉ ተጭኖ፣ የመሰብሰቢያ ቁጥር ተሰጥቶት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ ከተቀመጠ፣ የስም ክርክር ሁሉ መቋጫ ያገኛል። ቁጥሩ በሰንጠረዡ ካልሰፈረ ግን ናሙናውና መረጃው አይገናኙም።

ስለ ባዶ ቦታና ስለ ዜሮም ልናገር። ባዶ ሳጥን ምን ማለት ነው? ተክሉ አልነበረም? ወይስ አልተፈለገም? ዛፍ ብቻ የቆጠረ ሰው ሣር አልጻፈም ማለት ሣር የለም ማለት አይደለም። በሰሜን ተራሮች ያለችውን ጅብራ ውሰዱ። ጅብራ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ታብባለች፣ ከዚያ ትሞታለች፤ የደረቀው ግንዷ ግን ቆሞ ይቆያል። አንዱ ቆጣሪ የቆመውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሌላው ሕይወት ያላትን ብቻ። ሁለቱ ቆጠራዎች ከተነጻጸሩ ጅብራ በፍጥነት እየጠፋች ነው የሚል አስደንጋጭ ወሬ ይወጣል። «የደረቀ ተቆጥሯል» ወይም «አልተቆጠረም» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው ይህንን የሚከለክሉት።

ይህ ሁሉ ለምን? መረጃው አሁን ዓለም አቀፍ መድረክ ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ጂቢፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ተቋም የዕፅዋትና የእንስሳት መገኛ መዝገቦችን ዳርዊን ኮር በተባለው የጋራ አጻጻፍ ይሰበስባል። በ2021 ለሁሉም ክፍት የሆነው ኤስፕሎት ኦፕን የተባለው የዕፅዋት ጥናት መረጃ ቋት ከ114 አገሮች የተውጣጡ 95,104 የናሙና ቦታዎችን ይዟል። አውሮፓ በእንዲህ ያሉ ቋቶች ጎልታ ትታያለች፤ የእኛ ደጋ ግን ሳስቶ ነው የሚታየው። ሥራው ስላልተሠራ አይደለም። ጥናቱ ተሠርቷል፣ ተጠርዟል፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አጥኚው ለምን ልስጥ ቢል እረዳዋለሁ። ጭቃ ረግጦ፣ በብርድ አድሮ ያመጣውን ሌላ ሰው በሞቀ ቢሮ ተቀምጦ በስሙ ሲያሳትም ማየት ያማል። ስለዚህ መረጃ ሲሰጥ የሰብሳቢው ስምና የአጠቃቀም ደንቡ አብሮ መግባት አለበት፤ ሊነቀሉ ለሚችሉ ብርቅ ዕፅዋት ደግሞ ትክክለኛው ነጥብ ለሕዝብ ባይወጣ ይሻላል። ደኑን የፈቀዱት የደብሩ አለቃና ዛፉን በስሙ የጠሩልን አባት የት እንደሚጠቀሱም አስቀድሞ ይታሰብ። ውጤቱም በሚገባቸው ቋንቋ ይመለስላቸው።

በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ ወደ ዳባትና ደባርቅ የምትወጡ ተማሪዎች ይህን የምትሰሙ ከሆነ፣ ለእናንተ አንድ ገጽ ብቻ ነው የምጠይቃችሁ። የናሙናው ቦታ ስፋት፤ የሽፋን መለኪያው ስም፤ የጂፒኤሱ ልኬት መነሻ፤ የዘመን አቆጣጠሩ፤ የተጠቀማችሁበት መለያ መጽሐፍ፤ ምን እንደተቆጠረና ምን እንዳልተቆጠረ፤ የደረቁት ናሙናዎች ቁጥሮች የት እንዳሉ። ገጹን አልጋ ቤት ስትገቡ ሳይሆን ቦታውን የለካችሁበትን ገመድ ሳትጠቀልሉ፣ እዚያው ናሙናው ዳር ቆማችሁ ሙሉት፤ ሰንጠረዡ በሄደበት ሁሉም አብሮት ይሂድ።