«ማስተሪንግ ላይ ይስተካከላል» አትበሉ

ጤና ይስጥልኝ! ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ቤታችሁ ውስጥ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ሄድፎን የምታቀናብሩ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጥሩ ነው፣ ዛሬ የማወራው ለእናንተ ነው። ትልልቅ ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎችም ከኋላ ተቀምጠው አያለሁ፣ እነሱም ቢሰሙት አይጎዳቸውም።

በሙያችን ውስጥ ሁላችንም የምንላት አንዲት ነገር አለች። ድምፃዊው ዘወር ብሎ «ባሱ ትንሽ አልበዛም?» ይላል። አቀናባሪው ሰዓቱን እያየ «ተወው፣ እሱ ማስተሪንግ ላይ ይስተካከላል» ይላል። ማስተሪንግ ማለት ሚክሱ፣ ማለትም ድምፆቹን ማቀላቀሉ፣ ካለቀ በኋላ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። የመጣሁት ይህቺን አባባል ላስጥላችሁ ነው።

እስቲ ማስተር የሚያደርገው ሰው ምን እንደሚደርሰው አስቡት። ሁለት ቻናል ነው የሚደርሰው፣ ግራና ቀኝ። በቃ። እናንተ ጋ 60 ትራክ ሊኖር ይችላል፤ ክራሩ ለብቻ፣ ከበሮው ለብቻ፣ አዝማቾቹ ለብቻ፣ እያንዳንዱ የራሱ ፌደር (ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መግፊያ) አለው። እሱ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ተቀላቅሎ አልቋል። ባሱን ልቀንስ ብሎ ከታች ያለውን ድምፅ ቢነካ ከበሮውም አብሮ ይሟሽሻል። የድምፃዊቷ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ሲወጋ ላለዝበው ቢል ሃይሃቱ (የድራሙ ጸናጽል) አብሮ ይደበዝዛል። ማሲንቆው ከድምፃዊው ጋር አንድ ቦታ ላይ ሲጋፋ (ሁሌም ይጋፋሉ፣ ሁለቱም መሃለኛው ድምፅ ላይ ነው ጉልበታቸው) አንዱን ለይቶ መንካት አይችልም፣ ሁለቱንም ነው የሚቀንሰው።

ስለዚህ ስትጠራጠሩ እንዲህ ለዩት። ችግሩ የአንድ መሣሪያ ወይም የአንድ ድምፅ ከሆነ የእናንተ ሥራ ነው፣ አሁኑኑ አስተካክሉት። ዘፈኑ በሙሉ ትንሽ ጨለም ብሏል፣ ወይም ከአልበሙ ሌሎች ዘፈኖች ጋር ሲሰማ ደከም ብሏል የሚለው ዓይነት ከሆነ እሱ የማስተሪንግ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ስቴም ልኬ ማስተር አስደርጋለሁ» ትሉኛላችሁ። ይቻላል፣ ቮካሉን ለብቻ፣ ሪትሙን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ አድርጎ መላክ አለ። ግን እሱ ግማሹ ሚክስ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። መወሰን ያቃተንን ነገር ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ባንጠቀምበት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሊሚተር፣ ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገታው መሣሪያ።

ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ድምፃዊው ስቱዲዮ ይመጣል፣ ዘፈኑን ይሰማና ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ላይ ካለ ዘፈን ጋር ያወዳድረዋል፣ የእናንተ ዝግ ይልበታል፣ ፊቱ ይቀየራል፣ እናንተም እሱን ለማስደሰት ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበት) ላይ ሊሚተር ትጭኑና እስኪጮህ ድረስ ትገፉታላችሁ። ይሄ በራሱ ችግር የለውም። ድምፃዊውን ማስደሰትም ሥራ ነው። ችግሩ ያው ሊሚተር ሳይነሳ ዘፈኑ ኤክስፖርት ተደርጎ (ወደ አንድ ፋይል ወጥቶ) ለማስተሪንግ ሲላክ ነው። ማስተር የማደርገው እኔ ፋይሉን ስከፍተው ሞገዱ ወፍራም ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ ይመጣል። የከበሮው ምት ጫፉ ተቆርጧል፣ እስክስታው የሚነሳበት ቦታና ድምፃዊው ብቻውን የሚያንጎራጉርበት ቦታ እኩል ይጮኻሉ። ወጥ ውስጥ የገባ ጨው ተመልሶ እንደማይወጣ ሁሉ ይሄም አይመለስም። ድምፁን ዝቅ ማድረግ እችላለሁ፣ የተቆረጠውን ምት ግን ከየት አመጣዋለሁ?

ይሄ ደግሞ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው የሮክ ባንድ ሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» የሚለውን አልበሙን ሲያወጣ አድማጮቹ ድምፁ ተጨፍልቋል፣ ይንኮሻኮሻል ብለው ተነሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደገና ሚክስ ይደረግልን ብለው ፈረሙ። በዚያው ሰሞን ዘፈኖቹ «ጊታር ሂሮ» በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይም ወጥተው ነበር፣ እዚያ ያለው ቅጂ ያን ያህል አልተጨፈለቀም። ሰዉ ሁለቱን አወዳደረና ጨዋታው ላይ ያለውን መረጠ። አልበሙን ማስተር ያደረገው ቴድ ጄንሰን በሙያው ትልቅ ስም ያለው ሰው ነው። እሱ የሰጠው መልስ ባጭሩ ሚክሱ እጄ የገባው ቀድሞ ተጨፍልቆ ነው የሚል ነበር። ያን ያህል ገንዘብና ያን ያህል ባለሙያ ባለበት ቦታ ማስተሪንግ ያላዳነውን፣ እኔ በአንድ ቀን ሥራ አድናለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሊሚተሩን አጥፉና አንድ ኤክስፖርት አድርጉ። ሊሚተሩን አብሩና ሌላ ኤክስፖርት አድርጉ። ሁለቱንም ላኩ። የመጀመሪያውን እሠራበታለሁ፣ ሁለተኛውን ሰምቼ ድምፃዊው ምን ለምዶ እንደወደደ አውቃለሁ። ይሄ ሁለተኛው ፋይል ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ድምፃዊው ስልኩ ላይ ለአንድ ወር ሲሰማው ከኖረው ነገር የራቀ ማስተር ብልክለት፣ የፈለገ ጥሩ ቢሆን አይወደውም።

«ኮምፕረሰሩስ (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበውስ)?» የምትሉ አላችሁ። ማስተር ትራክ ላይ ኮምፕረሰር አስቀምጣችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእሱ ውስጥ እየሰማችሁ ሚክስ ካደረጋችሁ፣ አታንሱት። የዘፈኑ አካል ሆኗል፣ ሲነሳ ሚዛኑ በሙሉ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ለድምቀት ብላችሁ የጨመራችሁት ከሆነ ግን አንሱት።

ስለ ቁጥር ላውራ፣ ምክንያቱም ቁጥር ላይ ብዙ አጉል እምነት አለ። «ከፍተኛው ድምፅ የግድ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል ላይ መሆን አለበት» ሲባል ሰምታችኋል። ዜሮ ማለት ድምፁ የሚቆረጥበት ጣሪያ ነው። የግድ አይደለም። ዋናው ነገር ቀዩ መብራት አለመብራቱ ነው። በ24 ቢት (ቢት የፋይሉ የድምፅ ጥራት መጠን ነው) ስትሠሩ እያንዳንዱ ቢት ወደ 6 ዲሲቤል ገደማ ይይዛል፤ ዘፈናችሁ ከዜሮ በታች 12 ላይ ቢቆም እንኳ የምታጡት ሁለት ቢት ነው፣ 22 ይቀራችኋል፣ ሲዲ ደግሞ በ16 ነው ዓለምን ያዳረሰው። ስለዚህ ዝቅ ቢል አትፍሩ። ከዜሮ በታች 3 ይሁን 6 ይሁን 8፣ እኔ ጋ ችግር የለም። ሊሚተር የሌለው ሚክስ ዜሮን ነክቶ ከተቆረጠ ነው ችግሩ። በ32 ቢት ፍሎት ኤክስፖርት ካደረጋችሁ እሱም ቢሆን አይቆረጥም፣ ግን በዚህ ተማምናችሁ አትዘናጉ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ፕላግኢን (ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራም) ውስጡ ራሱ ያዛባል።

የጩኸት ውድድሩስ? አብዛኛው አድማጫችን ዩቲዩብ ላይ ነው ያለው። ዩቲዩብ ላይ ጎላ ብሎ የመጣ ዘፈን ወደ ታች ይወርዳል። ስፖቲፋይም ካልተቀየረበት በቀር ሁሉንም ወደ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ከዜሮ በታች አካባቢ ያመጣዋል። እንግዲህ ዘፈናችሁን ጨፍልቃችሁ በጩኸት ብታሸንፉ ማሽኑ ዝቅ ያደርግላችኋል፤ የሚቀራችሁ መጨፍለቁ ብቻ ነው። ካላመናችሁኝ ኮምፒውተር ላይ አንድ የምትወዱትን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ክፈቱ፣ ቪዲዮው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ንኩ። ቮልዩም ከሚለው ጎን ወደ ስንት ፐርሰንት እንዳወረደው ታያላችሁ። እኔ ዘፈን ለማወዳደር ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው።

አሁን ስለ ባስ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ትልቁ ፈተና ባስ ነው፣ በችሎታ ማነስም አይደለም፣ ክፍሉ ነው የሚዋሸው። ትንሽ አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ አንዳንዱ የባስ ኖታ ያብጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይጠፋል። ወንበራችሁን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ብትስቡት ሌላ ዘፈን ትሰማላችሁ። እና ክፍላችሁን አትመኑት። በሄድፎን ስሙት፣ በስልክ ስሙት፣ ታክሲ ውስጥ የማጫወት ዕድል ካገኛችሁ እዚያም ስሙት። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፤ ስለዚህ ባሳችሁ ታችኛው ጉርምርምታ ብቻ ከሆነ ስልክ ላይ ባስ የሌለው ዘፈን ነው የሠራችሁት። ትንሽ ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሚጨመር ሻካራነት)፣ ትንሽ መሃለኛ ድምፅ ጨምሩለትና ጆሮ ዜማውን እንዲከተለው አድርጉ።

ባስና ከበሮ ደግሞ መሃል ይቀመጡ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ዘመን ይሄ ምርጫ አልነበረም፤ ሸክላ ላይ ግራና ቀኙ የተለያየ ከባድ ባስ ካለ መርፌዋ ከመስመሯ ልትዘል ትችላለች። ዛሬ መርፌ የለም፣ ግን ብሉቱዝ ስፒከር አለ፣ ብዙዎቹ ግራና ቀኙን አንድ ላይ አድርገው ነው የሚያጫውቱት። ሰፋ እንዲል ብላችሁ ክራሩ ላይ የጫናችሁት ማስፊያ ፕላግኢን በሞኖ ሲሰማ ክራሩን ሊያጠፋው ይችላል። ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ማስተር ትራኩን ሞኖ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት። የጠፋ ነገር ካለ ያኔ ታገኙታላችሁ።

ቮካል። እዚህ ላይ የኛ አድማጭ የተለየ ነው፣ ግጥም ይሰማል። ቢቱ (ሙዚቃው) የፈለገ ቢደምቅ ቃሉ ካልተሰማ «ምን አለ?» ብሎ ይዘጋዋል። የፈረንጅ ዘፈን እያያችሁ ቮካሉን ቅንብሩ ውስጥ አትቅበሩት። ግን እናንተ ግጥሙን በቃላችሁ ስለምታውቁት ባይሰማም የተሰማ ይመስላችኋል። ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጥሩና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቱለትና የሰማውን ቃል ይንገራችሁ። ዝቅ አድርጉ የምለው በምክንያት ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ሙንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ባስን ከመሃለኛው ድምፅ ይልቅ በጣም አሳንሶ ነው የሚሰማው። ጮክ ብሎ ሲሰማ ሁሉም ሚክስ ያምራል። ዝቅ ብሎ ሚዛኑን ከጠበቀ እሱ ነው ሚክስ።

አሁንም ካልቆረጣችሁ አንድ መላ አለ። ዋናውን ላኩ፣ ከዚያ ቮካሉ በ1 ዲሲቤል ከፍ ያለ፣ ሌላ ደግሞ በ1 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ቅጂ ጨምሩ። እኔ እመርጣለሁ። ግን እባካችሁ ዘጠኝ ቅጂ አትላኩልኝ።

ሌላው ጫጫታ ነው። ማስተሪንግ ዘፈኑን ከፍ ሲያደርገው ከሥሩ ያለውንም ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። ድምፃዊው ዝም ባለበት ቦታ የሚሰማው የላፕቶፑ ማራገቢያ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ሁለት ቅጂ የተቀጠለበት ቦታ ላይ ያለችው «ቅጭ» የምትል ድምፅ፣ እናንተ ጋ አይሰማም፣ እኔ ጋ ግን ይጮኻል። ቮካሉን ሶሎ አድርጋችሁ በሄድፎን አንድ ጊዜ ስሙትና ዝምታዎቹን አጽዱ። ትንፋሹን ግን በሙሉ አታጥፉት፣ ሰው መሆኑ ይቅር እንዴ?

ፋይሉን በተመለከተ አጭር ነው። ዋቭ፣ 24 ቢት፣ ፕሮጀክቱ በተከፈተበት ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት)፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ የሠራችሁትን ወደ 96 ብትቀይሩት የሚጨመር ነገር የለም። ኖርማላይዝ (ድምፁን በራሱ ከፍ የሚያደርገውን) የሚለውን ምልክት አጥፉ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን አትከርክሙት፣ ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ስሙ ላይ የዘፈኑን ርዕስና ቀኑን ጻፉ፤ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «እውነተኛው ፋይናል» የሚሉ ሦስት ፋይሎች አብረው ሲደርሱኝ የቱ እውነተኛ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ኤምፒ3 ደግሞ በፍጹም። እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አቀናባሪው ቢቱን በኤምፒ3 ለድምፃዊው ይልካል፣ ድምፃዊው ሌላ ስቱዲዮ ሄዶ በዚያው ኤምፒ3 ላይ ይዘፍናል፣ ከዚያ ሁሉም ተቀላቅሎ ዋቭ ሆኖ ይመጣል። ስሙ ዋቭ ነው እንጂ ውስጡ ኤምፒ3 ነው፤ የተጣለው የላይኛው ድምፅ ተመልሶ አልመጣም። ቢቱን ከምንጩ ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ይሰጧችኋል።

የመጨረሻው ደግሞ ለመድረክ የሚሆነው ነው። ድምፃዊው ሠርግና ኮንሰርት ላይ በፕሌይባክ ይዘፍናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደውሎ «ቮካል የሌለውን ላክልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፣ ፕላግኢኑ ጊዜው አልፎበታል፣ ፕሮጀክቱ አይከፈትም። ስለዚህ ዋናውን ኤክስፖርት ባደረጋችሁበት ቀን፣ ምንም ሳትነኩ፣ ቮካሉን ብቻ ዘግታችሁ አንድ ቅጂ አውጡ። ዋናውን ቮካል ዘግታችሁ አዝማቾቹን ትታችሁ ደግሞ ሌላ። ሁሉንም አብራችሁ ላኩና ባንድ ላይ ማስተር ይደረግ።

ጥያቄ እንቀበላለን፣ ግን ከዚያ በፊት ላፕቶፕ የያዛችሁ አንድ ፕሮጀክት ክፈቱ፣ በየትኛውም የማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ ኩቤስም ይሁን ኤፍኤል፣ ማስተር ትራኩ ላይ ምን እንዳለ እንይ። ሊሚተር ያለበት ማን ነው? እጅ አውጡ እስቲ።