ዋንጫ ለአራት

የተከበራችሁ የእግር ኳስ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሞተ ውድድር ነው። ብሪቲሽ ሆም ቻምፒየንሺፕ ይባል ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ነው። 100 ዓመት ኖሮ ስለሞተ ብዙ አናለቅስለትም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጠራ ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

መነሻው የሕግ ጭቅጭቅ ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ ከ1872 ጀምሮ ይጋጠሙ ነበር። የሁለቱ ሕግ ግን አይገጥምም፤ የእጅ ውርወራው እንኳን ይለያያል። በ1882 የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ፌዴሬሽኖች ማንቸስተር ላይ ተቀምጠው በአንድ ሕግ ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ በየዓመቱ መጋጠም ጀመሩ። ጥር 1884 ቤልፋስት ላይ ስኮትላንድ አየርላንድን 5 ለ 0 ረታች። የመጀመሪያው ጨዋታ ይኸው ነበር።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል። በቃ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ቡድን በነጥብ እኩል ከሆነስ? ይካፈላሉ! የግብ ክፍያ፣ ማለትም ካገቡት ግብ ላይ የገባባቸው ተቀንሶ የሚገኘው ልዩነት፣ አይታይም። በ1956 አራቱም እኩል 3 ነጥብ ይዘው ጨረሱና አራቱም ሻምፒዮን ተባሉ። የተሸነፈ የሌለበት ውድድር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መካፈል አለ ማለት ግን ፍቅር ብቻ ነበር ማለት አይደለም። በ1950 ፊፋ ይህንኑ ውድድር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አደረገው። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ብራዚል ይሄዳሉ ተባለ። ስኮትላንዶች «ሻምፒዮን ካልሆንን አንሄድም» አሉ። ከዚያ በገዛ ሜዳቸው፣ ሃምፕደን ፓርክ ላይ፣ በእንግሊዝ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ሁለተኛ ሆነው አልፈው ነበር እኮ! ቃላችን ቃል ነው ብለው ቤታቸው ቀሩ። ይሄ ኩራት ነው ወይስ ግትርነት? እኔ ግትርነት ነው እላለሁ፤ ስኮትላንዳዊ ካለ ይቅር ይበለኝ።

ቂሙን የተወጡት በ1967 ነው። እንግሊዝ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም። ስኮትላንድ እንግሊዝ ሜዳ፣ ለንደን ዌምብሌይ ድረስ ሄዳ 3 ለ 2 አሸነፈቻት። የስኮትላንዱ ተጫዋች ጂም ባክስተር ጨዋታው መሃል ኳሷን አየር ላይ ያንቀረቅብ ጀመር። ለጎል አይደለም፤ ለማናደድ ነው። ደጋፊዎቹም «እንግዲህ የዓለም ሻምፒዮን እኛ ነን» ብለው ፎከሩ።

ውድድሩ ጥቁር ቀንም ነበረው። በ1902 ግላስጎው፣ አይብሮክስ ስታዲየም ላይ ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ የተመልካቾች የእንጨት መቆሚያ ተደርምሶ 25 ሰዎች ሞቱ።

ወደ ሞቱ ልምጣ። ዓለም ዋንጫና የአውሮፓ ዋንጫ እያደጉ ሲመጡ የጎረቤት ጨዋታ ተመልካች እያጣ ሄደ። የደጋፊ ረብሻ በዛ። በ1981 በሰሜን አየርላንድ ሁከት ምክንያት እንግሊዝና ዌልስ ቤልፋስት አንሄድም አሉ፤ የዚያ ዓመት ውድድር ሳያልቅ ቀረ። በመጨረሻ እንግሊዝና ስኮትላንድ «እኛ ወጥተናል» አሉ። ሁለቱ ትልልቆቹ ከወጡ ምን ቀረ? የጨዋታው ገቢ የሚያስፈልጋቸው ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ነበሩ፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

የመጨረሻው ዓመት 1984 ነው። የሆነውን ስሙኝ። እንደ 1956ቱ አራቱም እኩል 3 ነጥብ ይዘው ጨረሱ! ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት የግብ ክፍያ ሕግ ገብቶ ነበር። በእሱ ተለይታ አንደኛ የወጣችው ሰሜን አየርላንድ ናት። በመቶ ዓመት ውስጥ ብቻዋን ያሸነፈችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አየርላንድ ገና ለሁለት ሳትከፈል፣ በአየርላንድ ስም በ1914፣ ከዚያ በ1980 እና በ1984። እንግሊዝ ብቻዋን 34 ጊዜ ወስዳለች።

ከዚያ በኋላ ውድድር ስለሌለ የሚመልሰው አልነበረም፤ ዋንጫው እዚያው ቤልፋስት ቀረ። በድሮው ሕግ ቢሆን ኖሮ ግን ለአራት ይካፈሉት ነበር።

አመሰግናለሁ።