ጋሪዋ ሄደች፣ ሞላው ግን ይንቀጠቀጣል

[ምስል፦ የአየር ሐዲዱ ጫፍ በቅርበት። ጣት ትንሿን ጋሪ ወደ ሞላው ይገፋል።]

አምስት ሴንቲ ሜትር ተጨመቀ፤ እዚህ ላይ ያዙት። ሐዲዱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ስለሚተነፍስ ጋሪዋ በአየር ላይ ተንሳፋ ነው የምትሄደው፤ ሰበቃ የለም ማለት ይቻላል። ልቀቁት!

[ድምፅ፦ ጠቅ።]

ጋሪዋ ላይ የተተከለችው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ካርቶን በፎቶጌቱ መሃል አለፈች። የፎቶጌት ሥራ ቀላል ነው፤ አንዱ ክንድ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ቆጣሪው ብርሃኑ የተጋረደበትን ጊዜ ይመዘግባል። 28.9 ሚሊ ሰከንድ ይላል። ስናካፍለው በሰከንድ 0.69 ሜትር ይመጣል።

ስንት መሆን ነበረበት?

ሞላውን ቀደም ብለን አቁመን ክብደት ጭነንበታል። በየ100 ግራሙ 2.44 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ማለትም አንድ ሜትር ለመጨመቅ 40 ኒውተን የሚጠይቅ ሞላ ነው። (ስሌቱን በ9.77 ነው የሠራነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስበቷ ከመጽሐፉ 9.8 ትንሽ ያንሳል።) ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ ይኸው ነው፤ መጨመቁ እጥፍ ሲሆን የሞላው ግፊትም እጥፍ ይሆናል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ሞላው በ2 ኒውተን ይገፋል፤ 2 ሲባዛ በ0.05፣ 0.1 ጁል ብሎ ይጽፋል። ግን ሞላው መጀመሪያ ላይ ምንም አልገፋም ነበር። ከዜሮ ተነስቶ ነው 2 የደረሰው፤ አማካዩ 1 ኒውተን ነው። የተጠራቀመው ኢነርጂ 0.05 ጁል ብቻ። ይህ ሁሉ 200 ግራም ለምትመዝነው ጋሪ ቢደርስ ፍጥነቷ 0.71 በሆነ ነበር።

2 በመቶ ገደማ ጎድሏል። በላብራቶሪ ሪፖርት ላይ «ሰበቃ በላው» ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ሁለት ሌሎች ተጠርጣሪዎች አሉን።

አንደኛው ማስመሪያው። 5 ብለን ያነበብነው በእውነት 4.9 ከነበረ፣ ያቺ 1 ሚሊ ሜትር ብቻዋን ፍጥነቱን ወደ 0.69 ታወርደዋለች።

ሁለተኛው ራሱ ሞላው።

[ምስል፦ ቀረጻው በዝግታ ተመልሶ ይታያል። ጋሪዋ ከሞላው ተላቃለች።]

ጋሪዋን ተዉአት፣ ሞላውን እዩት። ይንቀጠቀጣል። እሱም 24 ግራም የሚመዝን አካል ነው፤ ጋሪዋን ሲገፋ ራሱንም ማንቀሳቀስ ነበረበት። የታሰረው ጫፉ አይንቀሳቀስም፣ ነፃው ጫፍ ከጋሪዋ እኩል ይሮጣል፣ መሃሉ በግማሽ ፍጥነት። ኢነርጂ ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ድምሩ የሞላው ሲሶ ብቻ በሙሉ ፍጥነት የሮጠ ያህል ይሆናል፤ 8 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ ሞላው የገፋው 200 ሳይሆን 208 ግራም ነው። አስሉት፤ ይህም 0.69 ይሰጣል።

ሁለቱም ያው ቁጥር! አንድ ሙከራ ብቻ ሠርተን ብንሄድ ኖሮ የትኛው እንደሆነ አናውቅም ነበር።

መለያው ጋሪዋን ማክበድ ነው። 200 ግራም እንጨምርባት፣ 400 ትሁን፤ መጨመቁ ያው 5 ሴንቲ ሜትር። ጥፋቱ የማስመሪያው ከሆነ ጉድለቱ አሁንም 2 በመቶ ነው፣ ቆጣሪው 40.8 ማለት አለበት። የሞላው ከሆነ ግን 8 ግራም ከ400 ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ ጉድለቱ ወደ 1 በመቶ ወርዶ ቆጣሪው 40.4 ይላል። ፎቶጌቱን አትንኩት፤ ሞላው ሙሉ በሙሉ ከሚዘረጋበት ነጥብ አለፍ ብሎ ይቁም፣ ያለዚያ ገና እየተገፋች ያለች ጋሪ ነው የምትለኩት።

[ድምፅ፦ ጠቅ።]

[ምስል፦ የቆጣሪው ፊት። 40.4።]