ትንሿ ሲላ ለምን አሸነፈች? የጥንቷ ኮሪያ ነገሥታትን በተመለከተ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር የደወሉ አድማጭ፦ በቴሌቪዥን ድራማዎች የምናያቸው ሦስቱ የኮሪያ መንግሥታት አንድ የነበረ አገር ተከፋፍሎ የተፈጠሩ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ጎጉርዮ በሰሜን በያሉ ወንዝ ዙሪያ፣ ቤክጄ በምዕራብ በሃን ወንዝ ዳርቻ፣ ሲላ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ዛሬ ግዮንግጁ በምትባለው ከተማ አካባቢ በየፊናቸው ያደጉ መንግሥታት ናቸው። በሲላና በቤክጄ መካከል ጋያ የሚባሉ፣ በብረት ሥራቸው የታወቁ ትንንሽ ግዛቶችም ነበሩ፤ የመጨረሻዋን በ562 ሲላ ጠቀለለቻት (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1145 የተጠናቀረው ዜና መዋዕል ሲላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ57፣ ጎጉርዮ በ37፣ ቤክጄ በ18 እንደተመሠረቱ ይናገራል። ይሁን እንጂ አጠናቃሪው ራሱ የዘር ሐረጉ ከሲላ ነገሥታት የሚመዘዝ ሰው ስለነበር፣ ሲላን በኩር ያደረገውን ይህን ቅደም ተከተል ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች በጥርጣሬ ያዩታል።

ከአዲስ አበባ፦ ጎጉርዮ የቻይናን ጦር የመለሰ ኃያል መንግሥት ከሆነ፣ እንዴት በትንሿ ሲላ ተሸነፈ?

መልስ፦ የጎጉርዮ ኃያልነት የሚያጠራጥር አይደለም። ከ391 እስከ 412 የነገሠው ግዋንጌቶ ግዛቱን በሰሜንም በደቡብም አስፍቷል፤ ልጁ ጃንግሱ በ427 መናገሻውን ወደ ፒዮንግያንግ ካዛወረ በኋላ በ475 የቤክጄን ዋና ከተማ ይዞ ንጉሧን ጌሮን ገድሏል። በ612 ደግሞ የስዊ ሥርወ መንግሥት ያዘመተውን ግዙፍ ሠራዊት የጦር አዛዡ ኡልጂ ሙንዶክ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ስንቁን አስጨርሶ፣ ሲያፈገፍግ በሳልሱ ወንዝ ላይ ደምስሶታል። የቻይናው መዝገብ ከ305,000 ተዋጊዎች የተመለሱት 2,700 ብቻ እንደነበሩ ይናገራል፤ ቁጥሩ የተጋነነ ቢሆን እንኳ ሽንፈቱ ከባድ እንደነበር አያከራክርም።

የሲላ ብልጫ በጦር ኃይል ሳይሆን ወዳጅ በመምረጥና ወዳጅ በመለወጥ ላይ ነበር። ሲላና ቤክጄ ጎጉርዮን በመፍራት ከ433 ጀምሮ ተባብረው ቆይተው በ551 የሃን ወንዝን ሸለቆ በጋራ አስለቀቁ። ሸለቆው ለም እርሻ ከመሆኑም በላይ ወደ ቢጫው ባሕር፣ ከዚያም ወደ ቻይና የሚያደርስ በር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሲላው ንጉሥ ጂንሁንግ የአጋሩን ድርሻ ጭምር ነጠቀ፤ ሊበቀል የወጣው የቤክጄ ንጉሥ ሶንግም በ554 በግዋንሳን ምሽግ አጠገብ ተገደለ። በእኔ እምነት የኋላው ዘመን ሁሉ የተቋጠረው በዚህ ክህደት ነው፤ ሲላ የቻይናን በር አገኘች፣ ቤክጄም ቂሙን እስከ መጨረሻው አልተወም።

በ642 የቤክጄው ንጉሥ ኡይጃ፣ ዴያ የሚባለውን የሲላ ምሽግ ሲይዝ፣ ከተገደሉት መካከል የሲላው መስፍን የኪም ቹንቹ ልጅ ነበረች። አባትየው መርዶውን ሲሰማ ምሰሶ ተደግፎ ዓይኑን ሳያርገበግብ ቀኑን ሙሉ እንደቆመ፣ በፊቱ የሚያልፈውንም ሰው እንዳላስተዋለ ዜና መዋዕሉ ጽፏል። መጀመሪያ እርዳታ የጠየቀው ጎጉርዮን ነበር፤ ጎጉርዮ ግን የተወሰደበት መሬት ይመለስልኝ ብሎ፣ መልእክተኛ ሆኖ የሄደውን ኪም ቹንቹን ራሱን አሰረው። ከእስር ከወጣ በኋላ በ648 ወደ ታንግ ቻይና ተሻገረ። ታንግም በ645 ጎጉርዮን ወግቶ በአንሲ ምሽግ ሥር ከሽፎበት ስለነበር፣ ከደቡብ በኩል የሚያግዘው አጋር ይፈልግ ነበር፤ ጉዳያቸው ገጠመ።

ኪም ቹንቹ በ654 ከነገሠ በኋላ፣ በ660 የታንግ ጦር በባሕር፣ የሲላው የጦር አዛዥ የኪም ዩሺን 50,000 ተዋጊዎች በየብስ ቤክጄን ከሁለት አቅጣጫ ያዟት። ግዬቤክ የተባለው የቤክጄ አዛዥ 5,000 ሰው ይዞ በህዋንግሳን ሜዳ አራት ጊዜ መልሷቸው በመጨረሻ ወደቀ፤ ቤክጄም በዚያው ዓመት ፈረሰች። ጎጉርዮን የጣለው ደግሞ የቤት ጠብ ነው፤ አገሩን በጉልበት ያስተዳድር የነበረው ዮን ጌሶሙን ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ፣ ታላቅየው ለታንግ አደረ፣ መንግሥቱም በ668 ፈረሰ።

ከሐዋሳ፦ በሲላ ሴቶች ነግሠዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሶንዶክ ከ632 እስከ 647፣ ጂንዶክ ከእርሷ ቀጥላ እስከ 654፣ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ቆይታም ጂንሶንግ ነግሠዋል። በሲላ ዙፋኑ ከፍተኛው የዘር ደረጃ ላላቸው ብቻ የተጠበቀ ስለነበር፣ ከዚያ ደረጃ ወንድ ሲታጣ ሴት ነገሠች። ተቃውሞ ግን አልጠፋም፤ በ647 ቢዳም የተባለ መኳንንት «ሴት ንግሥት አገር ማስተዳደር አትችልም» በማለት አምጾ፣ በኪም ዩሺን ጦር ተደምስሷል።

ከደሴ፦ ዜና መዋዕሉ የተጻፈው ከዘመናት በኋላ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ በምን እናምናለን?

መልስ፦ በዘመኑ የተቀረጹ ድንጋዮች ስላሉ ነው። ጃንግሱ በ414 ለአባቱ ያቆመው፣ ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሐውልት ዛሬም በቻይና ጂአን ከተማ ቆሞ ይነበባል፤ እርግጥ ድል ነሺ ያስቀረጸው በመሆኑ ውዳሴው ይበዛል። ለእኔ ይበልጥ የሚያስደንቀው በ1971 በጎንግጁ የውኃ ማፋሰሻ ሲቆፈር በአጋጣሚ የተገኘው የቤክጄው ንጉሥ የሙርዮንግ መቃብር ነው። ከበሩ ጀምሮ ያልተዘረፈ ነበር፤ በመተላለፊያው የተቀመጠው ጽሑፍ ንጉሡ በ62 ዓመቱ በ523 እንዳረፈ ይመሰክራል፣ ዜና መዋዕሉም የሞተበትን ዓመት ያንኑ ይላል። ሌላው ጽላት የመቃብሩ ቦታ ከምድር አማልክት በገንዘብ የተገዛ መሆኑን የሚገልጽ ውል ሲሆን፣ በላዩ ላይ ክፍያው፣ በገመድ የታሰረ የብረት ሳንቲም፣ ተቀምጦ ተገኝቷል።

ከመቀሌ፦ ከ668 በኋላ ኮሪያ አንድ ሆነች ማለት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ታንግ ድል ያደረጋቸውን ግዛቶች ለራሱ ሊያስቀር በመፈለጉ ሲላ የትናንት አጋሯን ከ670 እስከ 676 ተዋግታ ከአብዛኛው ባሕረ ገብ መሬት አስወጣችው። ሰሜኑን ግን አልያዘችውም፤ በዚያ የቀድሞ የጎጉርዮ ሰው ዴ ጆዮንግ በ698 ባልሄ የተባለውን መንግሥት መሥርቶ፣ መንግሥቱ እስከ 926 ዘልቋል።