የእማማ ንቅሳት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከደሴ ነኝ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። ማይኩ ፊት ብቻዬን ተቀምጫለሁ። የማወራችሁ ስለ ፎቶ ኤዲቲንግ ነው።

ጥር ለኛ ለሰርግ ፎቶ አንሺዎች ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ ሰርግ፣ ከዚያ ደግሞ መልስ። ከአንድ ሰርግ ብቻ ሺህ ምናምን ፎቶ ይዤ እገባለሁ። ደንበኛ በማግስቱ መደወል ይጀምራል።

አክሽን የደረሰልኝ እዚህ ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ፎቶሾፕ ውስጥ አንድ ሥራ እየሠራችሁ ትቀርጹታላችሁ፤ ከዚያ በአንድ ክሊክ ያንኑ ይደግምላችኋል። በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በእጄ ስለፋ ኖሬያለሁ። መጠን መቀነስ፣ ሻርፕ ማድረግ፣ ሎጎ መለጠፍ፣ በጄፔግ ማስቀመጥ። አሁን ፋይል፣ አውቶሜት፣ ባች ብዬ ፎልደሩን አሳየዋለሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ያልቃል።

ችግሩ ፊት ላይ መጣ። ባለፈው ዓመት ቆዳ የሚያለሰልስ ፕለጊን፣ ማለትም ፎቶሾፕ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ጫንኩ። አክሽኑ ውስጥ አስገባሁትና ሰርጉን በሙሉ ለቀቅኩበት። ሙሽራዋ ጠይም ናት፣ የወሎ ጠይም። ነጣ ብላ ወጣች። ማንም ምንም አላለኝም። አልበሙን ቤታቸው ስወስድ ግን አያቷ የራሳቸውን ፎቶ ረጅም ሰዓት አዩት።

«ልጄ፣ ንቅሳቴስ?» አሉኝ።

አንገታቸው ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ በመስመር በመስመር የወረደ ንቅሳት አላቸው። ፕለጊኑ አደብዝዞ አደብዝዞ ከቆዳቸው ጋር አመሳስሎታል። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስተካክዬ አመጣለሁ» አልኳቸው። «አብሽር የኔ ልጅ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አክሽን የሚደግመው የቀረጽኩትን ቁጥር ነው። ብርሃኑ ቢለወጥ፣ ሰውየው ቢለወጥ አያውቅም። ሐይቅ ዳር እኩለ ቀን ላይ ያነሳሁትና ድንኳን ውስጥ በአምፖል ያነሳሁት እንዴት አንድ ዓይነት ቅመም ይችላሉ?

አሁን አክሽኔን ቀይሬዋለሁ። ሌየሩን፣ ማለትም የፎቶውን ንብርብር ያባዛል፣ ቅጂውን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ያለሰለሰውን በሙሉ በጥቁር ማስክ፣ በመሸፈኛ በሉት፣ ይደብቀዋል። ፎቶው ላይ ገና ምንም አይታይም። የት እንደሚታይ የምወስነው እኔ ነኝ። ነጭ ብረሽ ይዤ፣ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የቀለሙን ድፍነት፣ ወደ 30 በመቶ ዝቅ አድርጌ ማስኩን በእጄ እቀባለሁ፤ ነጩ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ማለስለሱ ይታያል። ብጉር ካለ እነካዋለሁ፤ እሱ ከሳምንት በኋላ ራሱ ይጠፋል። ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ የዕድሜ መስመር ግን አልነካም። በአንድ ፎቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ። ሎጎ ከመለጠፍ ያተረፍኩትን ሰዓት ለዚህ ነው የማውለው።

የእማማን ፎቶ እንደገና አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። መስመሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ «ና ቁጭ በል፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ።